ባለ ሸራው ጋሪ፦ ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ሐሳብ ስጡበት

አስተባባሪ፦ እንዴት ዋላችሁ እናንተየ፣ እንደተስማማነው በንፋስ የሚሄደውን ባለ ሶስት ጎማ ጋሪ ረቂቅ ጽፌዋለሁ። አሁን ያለው አራት ጋሪ ባንዴ እንስራ፣ የብስክሌት ጎማ እንጠቀም፣ ሸራው 4 ካሬ ሜትር ይሁን፣ ቦታው ቁንዝላ ላይ፣ የጣና ሐይቅ በበጋ ሲሸሽ የሚለቀው ሜዳ ይሁን የሚል ነው። ዓላማው ልጆቹ ብየዳውንም ፊዚክሱንም እየሰሩ እንዲማሩ ነው። የጎደለውን ጨምሩ የበዛውን ቀንሱ።

በያጅ (ባህር ዳር)፦ አራት ባንዴ የሚለውን አልደግፍም፣ አንድ እንስራ፣ ይሂድ፣ የት ጋ እንደሚደክም እንይና ሁለተኛውን በዛ እናስተካክል። ጎማው ላይ ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ የብስክሌት የሚለው ይውጣ። ብስክሌት ሲታጠፍ አብሮ ያዘነብላል ስለዚህ ቸርኬው ላይ የጎን ግፊት ብዙ አያርፍበትም፣ የኛ ጋሪ ግን አያዘነብልም፣ ንፋሱ ከጎን እየገፋው ነው የሚውለው፣ ሽቦዎቹ ይላላሉ ከዛ ቸርኬው ይጣመማል። የባጃጅ ጎማ ይሁን፣ 4.00-8 የሚባለው። የባጃጅ የኋላ ጎማ ድሮም ባንድ በኩል ብቻ ተይዞ ነው የሚሰራው፣ ኩሽኔታውም ሰው ጭኖ ጉድጓድ ሲመታ የኖረ ነው፣ ያገለገለም አይጠፋም። የኋላው አክስል ከጎማ ጎማ 2 ሜትር ይድረስ፣ ከዛ ካነሰ ጋሪው ባንድ ጎማው ይነሳል።

አንድ አባል፦ ግን ንፋሱ ወደሚሄድበት ብቻ ከሆነ የሚወስደን መመለሻው እንዴት ሊሆን ነው? ልንገፋው ነው?

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦ አይ ወንድሜ፣ ይኸ ፕሮፖዛሉ ውስጥም በደንብ መጻፍ አለበት፣ የሚያነቡት ሰዎችም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይኸንኑ ነው። ሸራው ንፋሱን ይዞ ዝም ብሎ የሚገፋ ጨርቅ አይደለም፣ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ጋሪው በደንብ የሚሮጠው ንፋሱ ከጎን ሲመጣ ነው። በጎን ንፋስ ሄደህ በጎን ንፋስ ትመለሳለህ። የማይሆነው ፊት ለፊት ንፋሱ ውስጥ መግባት ብቻ ነው፣ ለሱም ግራ ቀኝ እየታጠፉ በዚግዛግ መሄድ አለ። በ2022 አውስትራሊያ ጌርድነር የሚባል የደረቀ የጨው ሐይቅ ላይ ሆሮኑኩ የተባለው ባለ ሸራ ጋሪ በሰዓት 222.4 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ንፋሱ ራሱ 40 ገደማ ነበር! የኛ የዚህን ሩቡንም አይፈልግም፣ ግን ከንፋሱ መፍጠን እንደሚቻል ልጆቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

ሌላው፣ 4 ካሬ ሜትሩ ባህር ዳርቻ ላይ ለሚነዱት የሚሆን ልክ ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፣ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ወደ 5 ካሬ ሜትር መጠጋት አለብን። ንፋስ ሲበረታ ደግሞ ግፊቱ በእጥፍ ሳይሆን በእጥፍ እጥፍ ነው የሚጨምረው፣ በሰከንድ 5 ሜትር ሲነፍስ 6 ኪሎ ያህል የሚገፋ ሸራ 10 ሜትር ሲነፍስ 25 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ሸራው ምሰሶው ላይ ተጠቅልሎ የሚያንስ ይሁን፣ ይኸን ሳንጽፍ ብናስገባ እኔ አልፈርምም።

አንዲት እህት (እንጅባራ)፦ ምሰሶውን ለኔ ተዉት፣ ቀርቀሃ እኛ ጋ ሞልቷል። ሶስት ዓመት ያለፈው ነው የሚፈለገው፣ ለጋው ቶሎ ይጎብጣል ነቀዝም ይበላዋል። በያጁ ወንድሜ ግን እባክህ ብሎን ላስገባበት ብለህ እንዳትበሳው፣ ቀርቀሃ ከቀዳዳው ጀምሮ ነው የሚሰነጠቀው። እግሩን ፍሬሙ ላይ በተበየደ የብረት ቱቦ ውስጥ ክተተው፣ የሸራውን ግርጌ የሚወጥረው አግዳሚ የሚያርፍበትን ደግሞ አሮጌ ከመነዳሪ በስሱ ቆርጠህ እየሳብክ ጠምጥምበት፣ ጎማው ራሱ ነክሶ ይይዘዋል። ሸራውን እኔ እሰፋዋለሁ፣ ጠርዙ ድርብ ስፌት ካልሆነ ከዛ ነው የሚተረተረው።

በያጅ፦ እሽ እህቴ አልበሳም። ቱቦውን የምለካው ቀርቀሃው ሲመጣ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ላኪው።

የቁንዝላ ልጅ፦ ቦታውን እኔ ልንገራችሁ። ንፋሱ ጥሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ስለዚህ ዳርቻውን ይዛችሁ ስትሄዱም ስትመለሱም መምህር እንዳሉት የጎን ንፋስ ነው። ግን ሜዳው ባዶ አይደለም። ውሃው የለቀቀው ላይ ሰው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ከብቱም ውሃ ለመጠጣት ያንኑ ሜዳ አቋርጦ ነው የሚወርደው፣ ከኋላው ደግሞ እረኛ ልጅ አለ፣ ጋሪው ድምፅ የለውም እኮ፣ ሳይሰሙት ነው የሚደርስባቸው። መረሬው ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እግር ያስገባል፣ የፊት ጎማ ከገባበት ነጂው ይወረወራል። ስለዚህ መጀመሪያ በእግር ይታይ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቁም፣ ፈቃዱም ከቀበሌው በፊት የመሬቱ ባለቤቶች ይጠየቁ። ቀበሌው ፈቅዶ ገበሬው ቅር ካለው እኔ የለሁበትም።

አስተባባሪ፦ ልክ ነህ ወንድምዓለም፣ ይኸ ረቂቁ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም፣ አሁን ከብየዳው በፊት አንደኛ ሆኖ ይገባል። ጋሪው አንድ፣ ጎማው የባጃጅ፣ ሸራው እስከ 5 ካሬ ሜትር ሆኖ የሚጠቀለል፣ ምሰሶው ቀርቀሃ። ፍሬን ላይ ማንም አልተናገረም፣ ሸራውን የሚይዘው ገመድ ሲለቀቅ ሸራው ጉልበት ያጣል ጋሪውም ይቀዘቅዛል፣ ግን እረኛ ልጅ ፊት ያ አይበቃም፣ የእግር ፍሬን ጨምሬበታለሁ፣ ሄልሜትም ወጪው ውስጥ ይግባ። ገበሬዎቹን ለማነጋገር ከቁንዝላው ልጅ ጋር ማን ይሄዳል? በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ቢኖር ይሻላል፣ መምህር ይችላሉ?

መምህር፦ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰው አናገኝም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን።