የልጄ የዓይን ጠብታ አስፈራኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ዓመት ልጄ ግራ ዓይኗ ሰነፍ ነው ተብሎ አትሮፒን ጠብታ ታዘዘላት። የሚደረገው ለደህናው ዓይን ነው! ደህናው ሲደበዝዝ ደካማው እንዲሠራ ነው አሉ፤ እሺ ብዬ ጀመርኩ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፣ ብልቃጡን አይተው «ይሄ እኮ አስተናግር ውስጥ ያለው ነው» አሉኝ። ያ የሚያሳብደው ተክል! እሳቸው ራሳቸው ግን አንዳንድ ዓይነት የተባይ ማጥፊያ ለጠጣ ሰው ማርከሻው፣ ልቡ ለዘገየም ማፍጠኛው ይኸው ነው ይላሉ።

ትናንት ጠብ ባደረግኩላት በሰዓቱ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ውሃ፣ ውሃ አለች። አሁን ደህና ናት፤ የዛሬውን ግን ዘልዬዋለሁ። ሐኪሟ ስልክ አያነሳም፣ ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። ከጠብታው በኋላ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት መጫን ወደ ሰውነት የሚገባውን ይቀንሳል ይባላል። ለስንት ደቂቃ? ወይስ ሰኞን ሳልጠብቅ ልውሰዳት?