የድንክ ጋላክሲ ኮከቦች ውልደት፦ ሁለቱ መለኪያዎች ለምን አልተስማሙም?

ጥያቄ (ከደሴ)
እንደምን ሰነበታችሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በአንዲት ቅርብ ድንክ ጋላክሲ ውስጥ በየዓመቱ ምን ያህል ጋዝ ወደ ኮከብነት እንደሚለወጥ ለሁሉም ክፍት ከሆነ መረጃ እያሰላሁ ነው። የጋለ ሃይድሮጂን ጋዝ ከሚያወጣው፣ በ656.3 ናኖሜትር ከሚታየው ቀይ የሃይድሮጂን አልፋ ብርሃን ያገኘሁት መጠን፣ ጌሌክስ የተባለችው ሳተላይት ካነሣችው የአልትራቫዮሌት ምስል ካገኘሁት ሲሶው ብቻ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው ወይስ የጋላክሲዋ ጠባይ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)
መምህር፣ በቅድሚያ የሃይድሮጂን አልፋን አካባቢ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፈው ጠባብ ማጣሪያ ከተነሣው ምስል ላይ የከዋክብቱን መደበኛ ብርሃን ሲቀንሱ የተጠቀሙበትን ልክ ይፈትሹ፤ በደብዛዛ ጋላክሲ ላይ ትንሽ መዛነፍ ውጤቱን ክፉኛ ያናጋል። ልዩነቱ ከዚያም በኋላ ካልጠፋ አይደንግጡ። የሃይድሮጂን አልፋ ብርሃን የሚመነጨው በአብዛኛው ከ15 የፀሐይ ግዝፈት በላይ የሆኑ ኮከቦች ኤሌክትሮኑን ከነጠቁት ጋዝ ነው፤ የእነርሱም ዕድሜ በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያልቃል። አልትራቫዮሌቱን ግን ከእነርሱ ያነሱ ኮከቦችም ስለሚያመነጩት፣ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ይይዛል። ደሴን በሚያህል ከተማ ልጅ ሳይወለድ የሚያልፍ ቀን የለም፤ ጥቂት ቤት ባላት የገጠር መንደር ግን ወር ሙሉ ልጅ ባይወለድ፣ መውለድ ቀረ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነችው ሊዮ ፒ የተባለች ድንክ ጋላክሲ በእንዲህ ያለ ኮከብ የሚያበራ የጋዝ ደመና ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ በዚህ መለኪያ ውልደቷ ዜሮ ሊባል ነው።

መልስ (ከላሊበላ)
በዚህ እስማማለሁ፤ አቧራን ግን ምክንያት አድርገው እንዳይወስዱ። አቧራ አልትራቫዮሌትን ይበልጥ ስለሚጋርድ፣ እርማቱ ልዩነቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። ድንክ ጋላክሲዎች አቧራቸው ጥቂት በመሆኑም አቧራው የጋረደውን ብርሃን መልሶ ሲያወጣ የሚለካው የኢንፍራሬድ መለኪያ ብቻውን ውልደቱን አሳንሶ ያሳያል። ጋላክሲዋ ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኮከቦቿን አንድ በአንድ የለየላት ከሆነች፣ ቀለማቸውንና ድምቀታቸውን አነጻጽሮ ታሪኳን ማንበብ ከሁሉም ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ የጋላክሲያችን ጎረቤት የሆነችውን ትንሽ ጋላክሲ፣ ትልቁን የማጄላን ደመና፣ በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት፣ ደቡቡ ከተገለጠ ከፍተኛ ቦታ ከዚሁ ከወሎ ማየት ይቻላል፤ ከአድማሱ ከ10 ዲግሪ አያልፍም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅነሳውን ደግሜ ብሠራው ሲሶው ወደ ግማሽ ከፍ አለ። የቀረውን ልዩነት ሳልደብቅ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ከሚወክሉት ዘመን ጋር አቀርባለሁ፤ የሃብልንም ምስል ከነገ ጀምሮ እፈልጋለሁ።