በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዝ ዳር የነበሩ የድንጋይ ከሰል መንደሮች፦ ማን ምን ይሠራ ነበር?

ቀይት (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ለ11ኛ ክፍል የታሪክና የጂኦግራፊ ክበብ የእንጨት ሞዴልና የግድግዳ ካርታ እየተዘጋጀ ነው። የተመረጠው ቦታ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳርቻ ነው። ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ከሰል እንዳለ የሰሜን ሸዋ ተማሪ ሁሉ ሲወራ ይሰማል፤ ከሰል ከመሬት ወጥቶ እንዴት መንደር፣ ሙያና ገበያ እንደሚፈጥር ግን የሚያሳየው የለም።

የሚያስቸግሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ዋሻው ወደ ታች የተቆፈረ ጉድጓድ ይሁን ወይስ በጎን የሚገባ? ከሰል ቆፋሪው ከዶማ ሌላ ምን ይዞ ይገባ ነበር? ከሰሉ በወንዝ እንዴት ተጓዘ? የድሮ ካርታዎች ላይ «ታውንሺፕ» የሚለው ከተማ ነው ወይስ ወረዳ? ከማዕድኑ ውጪ የነበሩትን ሙያዎችም የሚያውቅ ቢዘረዝርልን ደስ ይለናል። ተማሪዎቹ ከአገራቸው ጋር እንዲያነጻጽሩትም እንፈልጋለን።

ጣርማበር

መምህር፣ ጥልቅ ጉድጓድና ረጅም ማማ እንዳይሠሩ። በዚያ ወንዝ ዳር በዚያ ዘመን አብዛኛው ከሰል የወጣው ከኮረብታ ጎን በሚገባ አግድም ዋሻ ነው። የፒትስበርግ ንብርብር የሚባለው ከሰል ውፍረቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ሸለቆውን እየቆረጠ ሲወርድ ንብርብሩ ከውሃው በላይ፣ በዳገቱ ወገብ ላይ እንደ ጥቁር መቀነት ተገልጦ ቀረ። ወንዙ መጨረሻ ላይ ካለችው ከፒትስበርግ ከተማ ፊት ለፊት ያለው ኮረብታ «የከሰል ኮረብታ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ ከ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቆፈር ነበር።

የዋሻው ወለል ወደ ውስጥ ሲገባ በትንሹ ሽቅብ ይሁን፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል። በዚህ አንድ ነገር ሁለት ሥራ ይቃለላል፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ የተጫነው ጋሪም ቁልቁል ስለሚወጣ በቅሎዋ አትደክምም። ንብርብሩ ወደ ኮረብታው ውስጥ የሚዘቀዝቅ ከሆነ ግን ውሃው ከሥራው ፊት ይጠራቀማል፤ ያኔ ያለ ፓምፕ አይሆንም።

ሁለት ትይዩ መተላለፊያ ይሥሩ እንጂ አንድ ብቻ አይሁን። በአንዱ ንጹሕ አየር ይገባል፣ በሌላው የቆሸሸው ይወጣል። በሚወጣበት በኩል ጭስ መውጫ ሥር እሳት ይነዳል፤ ትኩሱ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው ያለውን ይስባል። በመካከል የእንጨት በር አለ፤ በሩን ለጋሪ እየከፈተ የሚዘጋ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በሩ ተከፍቶ ከተረሳ አየሩ በአቋራጭ ይመለስና ቆፋሪው ዘንድ አይደርስም። ከበድ ያለው መጥፎ አየር ወለል ላይ ይተኛል፤ ቆፋሪው የሚያውቀው ኩራዙ ሲደክምበት ነው።

የመውጫን ነገር ለተማሪዎቹ በተለይ ያስረዱልን። በዚያው ግዛት ምሥራቅ፣ አቮንዴል በተባለ ማዕድን እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1869 እሳት ተነሥቶ 110 ሰው አለቀ። መውጫው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ከላዩ ያለው የእንጨት ሕንፃ ሲቃጠል ያ አንዱ መውጫ ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ለዚያ አካባቢ የወጣው ሕግ ሁለተኛ መውጫን ግዴታ አደረገ።

አሁን ወደ ቆፋሪው። ይዞት የሚገባው ቀጭን ዶማ፣ ረጅም የእጅ መሰርሰሪያ፣ ጥቁር ባሩድ፣ የመዳብ መርፌ፣ መጠቅጠቂያ ዘንግ፣ አካፋ፣ ሽብልቅና ባርኔጣው ላይ የሚሰካ የዘይት ኩራዝ ነው። አብዛኛውን የሚገዛው ራሱ ነው፤ ዶማውን ለሚስለው ባለእጅ የሚከፈለውም ከደመወዙ ይቆረጣል። ሥራው እንዲህ ይሄዳል። በጎኑ ተኝቶ ከከሰሉ ግርጌ ወደ 1 ሜትር ጥልቀት ይቦረቡራል፤ ከሰሉ እንዳይናድበት በአጭር እንጨት ይደግፋል። ከዚያ ከላይ ይሰረስርና በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ ይከታል፤ መርፌውን ባሩዱ ውስጥ እንደተተከለ ትቶ ቀዳዳውን በጭቃ ይጠቀጥቃል። መርፌው ሲመዘዝ የሚቀረው ቀጭን ቀዳዳ የእሳቱ መንገድ ነው። ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ ስለሚፈነጥቅ መርፌው መዳብ መሆን አለበት።

ስህተቱ ሁለት ነው። አንዱ በጭቃ ፈንታ በከሰል ብናኝ መጠቅጠቅ ነው፤ ባሩዱ ከሰሉን ሳይሰብር በቀዳዳው ተመልሶ ከወጣ ብናኙ ይያያዛል። ሁለተኛው ድካምን ለመቀነስ ግርጌውን ሳይቦረቡሩ መተኮስ ነው፤ ከሰሉ ይደቅቃል፣ ጣሪያውም ይናጋል። የደቀቀው ደግሞ ለቆፋሪው ገንዘብ አያስገኝም፤ ደጅ ላይ በዘንግ የተሠራ ወንፊት አለ፣ በዘንጎቹ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ክፍተት አለው፣ የሚመዘነው ከወንፊቱ በላይ የቀረው ብቻ ነበር። ወንፊቱ ሲያረጅ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የስንት ሰው ላብ በዚያ ክፍተት ወርዷል። ሠራተኞቹ ታግለው የራሳቸውን የሚዛን ተቆጣጣሪ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። እባክዎ ወንፊቱንና ሚዛኑን በሞዴሉ ላይ እንዳይረሱ።

ሞፈር_ውሃ

ጣርማበር ዋሻውን ጨርሶታል፤ እኔ ከዋሻው ደጅ ወደ ወንዙ ልውረድ።

ዳገቱ ላይ ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ይዘርጉ፣ ከላይ ፍሬን ያለው ትልቅ እንዝርት ይቁም። ገመዱ ከሁለቱም ጋሪዎች ጋር ይታሰራል፤ የተጫነው ሲወርድ ባዶውን ይስበዋል። ሞተር የለም፣ በቅሎም የለችም፤ ያለው የፍሬን ሰው ነው። ገመዱ ሲሳሳ ወይም ፍሬኑ ሲረጥብ ጋሪው ይበርና ታች ያለውን ይሰብራል። የማራገፊያው አሸንዳ ከፍና ዝቅ የሚል መሆን አለበት፤ ወንዙ ይሞላል ይጎድላልና። ከሰል ከሩቅ ከወደቀ ይደቅቃል፣ የደቀቀ ከሰል ዋጋው ይወርዳል።

ወንዙ በተፈጥሮው በበጋ ጥልቀት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1836 የተቋቋመ የመርከብ መንገድ ኩባንያ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ድንጋይ እየሞላ ግድቦች ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሎኮች በ1841 ተከፈቱ፤ በ1844 የረጋው ውሃ ወንዙ ዳር እስካለችው እስከ ብራውንስቪል ከተማ ደረሰ። ሎክ ማለት ሁለት በር ያለው የድንጋይ ሳጥን ነው። ጀልባው ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃው ይለቀቅለታል ወይም ይሞላለታል፣ ከዚያ የፊቱ ይከፈታል። በሁለት ግድቦች መካከል ያለው የረጋ ውሃ «ፑል» ይባላል፤ አንደኛ ፑል፣ ሁለተኛ ፑል እየተባለ ይቆጠር ነበር። ማዕድኖቹም የመቆፈሪያ ዋጋውም በፑል ተለይተው ይጠሩ ስለነበር በካርታው ላይ ከታውንሺፕ ስም ጎን የፑሉን ቁጥር ይጻፉ።

ትልቁ የከሰል ጀልባ 52 ሜትር ገደማ ርዝመትና 8 ሜትር ወርድ ነበረው፤ ከ20,000 ቡሽል (የከሰል መስፈሪያ ነው) በላይ ይጭናል። ሆኖም ሲጫን ከ2 ሜትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ሞኖንጋሂላ ፒትስበርግ ላይ የሚገባበት የኦሃዮ ወንዝ ደግሞ የመጀመሪያውን ግድብ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ስለዚህ የተጫኑት ጀልባዎች ፒትስበርግ ላይ ተሰልፈው ሙላት ይጠብቃሉ። በመጸውና በጸደይ ዝናብ ወንዙ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ሲንሲናቲ፣ ሉዊቪል፣ አንዳንዱም 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እስከ ኒው ኦርሊንስ። በፊት በወራጁ ውሃ ብቻ ይሄዱ ነበር፤ ከ1840ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የእንፋሎት መርከብ ከኋላ ይገፋቸው ጀመር። ሙላቱ ከዘገየ ከሰሉ ይቆያል፣ ዋሻው ይቆማል፣ ደመወዝ ይቀራል። ቸኩሎ የተለቀቀውም ከድልድይ ምሰሶ ጋር ይጋጫል ወይም አሸዋ ላይ ይቀመጣል።

በወራጅ ውሃ የሄደ ጀልባ ሽቅብ ስለማይመለስ እዚያው ተፈርሶ እንጨቱ ይሸጣል። ኤሊዛቤትና ብራውንስቪል የጀልባ ሠሪ ከተሞች የሆኑት በዚህ ነው፤ ለሚሄድ ጭነት ሁልጊዜ አዲስ ጀልባ ይፈለጋል። አናጢው ወለሉን የሚሠራው ገልብጦ ነው። ክፍተቱን በሬንጅ የተነከረ ቃጫ በመዶሻ እየጠቀጠቀ ይደፍናል፣ ከዚያ ገልብጦ ወንዝ ላይ ያወርደዋል። እርጥብ ሳንቃ ከተጠቀመ በፀሐይ ይሸሽና ቃጫው ይወድቃል።

ቀይት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። 20,000 ቡሽል ስንት ኩንታል ነው? አንድ መዝገበ ቃላት ላይ ቡሽል 27 ኪሎ ይላል።

ሳሲት

27 ኪሎው የስንዴ ቡሽል ነው። የፔንሲልቬንያ የከሰል ቡሽል 76 ፓውንድ፣ ማለትም 34 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር። ስለዚህ 20,000 ቡሽል 6,900 ኩንታል ያህል ነው፤ ባለ 400 ኩንታል ተሳቢ መኪና 17 ጊዜ ተሞልቶ የሚሄደው ማለት ነው። በአህያ 60 ኪሎ ብናሰላ 11,500 አህያ። ይህን ቁጥር ካርታው ላይ ቢያሰፍሩት ተማሪው ወንዝ ለምን እንደተፈለገ ያለ ብዙ ንግግር ይገባዋል።

አሊዩ_አምባ

ስለ ታውንሺፕ። በፔንሲልቬንያ ታውንሺፕ ከተማ አይደለም፤ ገጠሩ የሚከፋፈልበት የአስተዳደር ክልል ነው፣ የራሱ የመንገድ ኃላፊና ዳኛ አለው። ለእኛ ሰው «ቀበሌ» ቢሉት ይገባዋል። በውስጡ ያለ መንደር ሲያድግ ከታውንሺፑ ተለይቶ «ቦሮ» ይሆናል፤ ኤሊዛቤት የሚባል ታውንሺፕም ቦሮም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በካርታው ላይ ቦሮውን በደማቅ ቀለም፣ ታውንሺፑን በሣሣ መስመር ይለዩት።

ሙያዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ዋሻው አጠገብ የሚበቅለው የቆፋሪ መንደር ነው፦ ኪራዩ ከደመወዝ የሚቆረጥ የኩባንያ ቤት፣ ዱቤውም ከደመወዝ የሚቆረጥ የኩባንያ ሱቅ፣ ዶማ የሚስል ባለእጅ፣ የበቅሎ ጋጣ። እውነተኛው ከተማ የሚበቅለው ጭነቱ ከአንድ ማጓጓዣ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ቦታ ላይ ነው። ብራውንስቪል ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሚያመራው ዋና መንገድ ወንዙን የሚያገኝበት ቦታ ስለነበረ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የብረት ማቅለጫ፣ የእንፋሎት ሞተር ሠሪ፣ ገመድ ፈታይ፣ ኮርቻ ሰፊ፣ ማደሪያ ቤት ሁሉ ተሰበሰበበት። ከሰል ርካሽ በሆነበት ደግሞ እሳት የሚበላ ሙያ ይመጣል፤ በከሰል የሚነድ የመስታወት ፋብሪካ ፒትስበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1797 ተቋቁሞ ነበር።

የአገራችን ምሳሌ እዚሁ አጠገባችን ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ በአፋር በኩል የሚመጣ ቅፍለት ግመሉ የአንኮበርን ዳገት አይወጣም። ጭነቱ ቆላው ላይ ይራገፋል፣ ሽቅብ የሚሄደው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው። ፋሬ የኬላ በር ሆነች፤ አሊዩ አምባ የዓርብ ገበያዋን፣ ነጋዴዋን፣ የአርጎባ ሸማኔዋን ሰበሰበች። ንጉሡ ላይ አንኮበር፣ ገበያው ታች። ልጆቹ «ግመል የሚቆምበት» እና «ጋሪ የሚቆምበት» ብለው ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን ቢሰቅሉ ጥሩ ነው።

ሳሲት

ስለ ሙሽ አንድ ማሳሰቢያ፣ ሞዴሉ ላይ እንዳይቀላቀል። የሙሽ ከሰል ሊግናይት፣ ማለትም ገና ያልበሰለ ቡናማ ከሰል ነው፤ ቅጠልና ተክል በድንጋይ ታትሞ የሚገኝባቸው የዚያ ሸለቆ ንብርብሮች ዕድሜያቸው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ነው። የፒትስበርጉ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ፣ እጅግ የበሰለ ከሰል ነው። ይህ በሥራው ላይ ለውጥ ያመጣል። የሞኖንጋሂላ አካባቢ ከሰል በንብ ቀፎ ቅርጽ ምድጃ ውስጥ 48 ወይም 72 ሰዓት ታፍኖ ሲቃጠል ኮክ የሚባል ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ጠንካራ ነዳጅ ይሆናል፤ ሊግናይት በዚያ ምድጃ አይጋገርም፣ ይፈርሳል። ሊግናይት ውሃ በብዛት ስለሚይዝ ሩቅ ሲጓዝ ለውሃው ጭምር ነው የሚከፈለው። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ይደቅቃል፤ በትልቅ ክምር ከተተወ ደግሞ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ውስጡ ይግላል፣ ራሱም ይነዳል። ስለዚህ ክምሩ ዝቅ ያለና የተጠቀጠቀ ይሁን፣ ለብዙ ጊዜም አይቀመጥ።

ለዐውደ ርእይ ናሙና የምታስቀምጡ ከሆነ መስኮት ሥር አታድርጉት፤ በጥቂት ቀን ወደ ፍርፋሪ ይለወጣል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አኑሩት።