ኦዲኤስ ብረት፦ ለምን አቅልጠን አንሠራውም? ቱቦውስ ለምን በርዝመቱ ይሰነጠቃል?

ሳባ_14፦
ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጥናቴ በኦዲኤስ ብረት ላይ ነው። ደቃቅ የኦክሳይድ ቅንጣቶች የተበተኑበት፣ በሶዲየም ለሚቀዘቅዙ ፈጣን ሪአክተሮች የነዳጅ ቱቦ እንዲሆን የታሰበውን ማለቴ ነው። የእኛው 14 በመቶ ክሮሚየም፣ ትንሽ ተንግስተን፣ ትንሽ ቲታኒየምና ኢትሪያ (የኢትሪየም ኦክሳይድ) አለው። ዱቄቱን ከብረት ኳሶች ጋር በአርገን ውስጥ 40 ሰዓት ፈጨነው፣ በብረት ጣሳ አሽገን አየሩን አወጣን፣ ከዚያ 1150 ዲግሪ ላይ ገፍተን ዘንግ ሠራን። እስከዚህ ደስ ብሎን ነበር። ዘንጉን ቦርቡረን ቱቦ ካደረግነው በኋላ በቀዝቃዛው ፒልገር (ቱቦ እየጨመቀ የሚያቀጥን ማሽን) ላይ ስናቀጥነው ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ከጫፍ ጀምሮ በርዝመቱ ተተረተረ። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። ይህን ሁሉ ሰዓት ከመፍጨት ብረቱን አቅልጦ ኢትሪያውን መጨመር ለምን አይቻልም? ስንጥቁስ ለምን በርዝመቱ ብቻ ሆነ?

ወፍጮ_ቤት፦
እህቴ፣ የመጀመሪያውን ልመልስልሽ። ኢትሪያ ከቀለጠ ብረት ይቀላል፤ እሱ በሴንቲሜትር ኩብ 5 ግራም ገደማ ነው፣ ብረቱ ግን ቀልጦም 7 አካባቢ ነው። የቀለጠው ብረትም በደንብ አይዋሃደውም። ስለዚህ እንደ ገንፎ ጓል ይሠራና ላይ ይንሳፈፋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነገር ነው። ያስገባሽው ኢትሪያ እንዳለ ተበትኖ የሚቀር ከመሰለሽ አይደለም። ኳሶቹ ዱቄቱን እየደቆሱ፣ እያጣበቁ፣ መልሰው እየሰባበሩ ሲሄዱ ኢትሪየሙና ኦክስጅኑ ብረቱ ውስጥ ይጠፋሉ። ከዚያ ስታሞቂው ከቲታኒየም ጋር ተገናኝተው እንደ አዲስ ይወጣሉ፤ ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር ብቻ ሆነው። የዚህ ብረት ጉልበት ሁሉ እዚያ ነው። ተራው ፌሪቲክ ብረት (እንደ ያንቺው ክሮሚየም ያለው፣ ኦክሳይድ ግን የሌለው) ከ600 ዲግሪ በላይ ጭነት ሲበዛበት ቀስ እያለ ይለጠጣል። እዚህ ግን ቅንጣቶቹ ዲስሎኬሽኑን፣ ማለትም ብረቱ ሲለጠጥ በውስጡ የሚንሸራተተውን የአተሞች አሰላለፍ ጉድለት፣ ይዘው ያስቆሙታል። ኒውትሮን ሲመታው የሚፈጠረውን ሂሊየምም ገጻቸው ላይ ያስቀሩታል፣ የግሬይን (ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) ድንበር ላይ ተጠራቅሞ ብረቱን እንዳያሰባብረው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ናይትሮጅኑን አስለኪ። እኔ ድሮ የሠራሁበት ላብራቶሪ ውስጥ የማሰሮው ክዳን ትንሽ ያስተነፍስ ነበር። አላወቅንም። ናይትሮጅን ገብቶ ቲታኒየሙን ናይትራይድ አድርጎ በላብን፣ ቅንጣቶቹም አድገው ወጡ። የስድስት ወር ሥራ ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ዘጠኝ_ክሮም፦
ስንጥቁ የአንቺ ጥፋት አይደለም ሳባ፣ አይዞሽ። 14 ክሮም (14 በመቶ ክሮሚየም) ያለው ብረት ካርበኑ እንዲህ ትንሽ ሲሆን የቱንም ያህል ብታሞቂው ወደ ኦስቴናይት፣ ማለትም ብረት ሲግል አተሞቹ ወደሚይዙት ሌላ አደራደር፣ አይቀየርም። ገፍተሽ ስታወጪው ግሬይኖቹ እንደ ቀርከሃ በርዝመት ይደረደራሉ፣ ቀዝቃዛው ሥራ ደግሞ ይብስባቸዋል። ቅንጣቶቹ ድንበሮቹን ስለያዙ በቀላሉ አይታደሱም። እና ዙሪያውን ሲወጠር በድንበሮቹ በኩል ይተረተራል። ለነዳጅ ቱቦ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚገፋው ልክ በዚያ አቅጣጫ ነዋ!

ጃፓኖች በዚህ ብዙ ተቸግረው ነው 9 ክሮም ላይ ያተኮሩት፦ 0.13 ካርበን፣ 2 ተንግስተን፣ 0.2 ቲታኒየም፣ 0.35 ኢትሪያ። እሱ ሲሞቅ ወደ ኦስቴናይት ይቀየራል፣ ሲመለስ ግሬይኑ እኩል ሆኖ ይመጣል። በየዙሩ መሃል አሙቀው ቀስ ብለው ያቀዘቅዙታል፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና ያቀጥኑታል። በመጨረሻ 1050 ላይ አሙቀው ቶሎ ያቀዘቅዙትና 800 ላይ ያረጋጉታል።

ብየዳ_ሠራተኛ፦
ዘጠኝ_ክሮም ትክክል ነው፣ ግን 14ቱን አትጣይው። 9 ክሮም በሶዲየም ውስጥ ይበቃል፤ ዝገትና ኦክሲዴሽን በሚበረታበት ቦታ ግን ከፍ ያለ ክሮሚየም ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ክሮሚየሙ ሲበዛ 475 ዲግሪ አካባቢ በረጅም ጊዜ ይሰባበራል፣ ይህንንም አስቢበት። ቱቦው ቢሳካ እንኳ ጫፉን መድፈን አለብሽ። አርክ ብየዳ እንዳትሞክሪ! ካቀለጥሽው ወፍጮ_ቤት ያለው ነገር ይደርሳል፣ ኦክሳይዱ ተጓጉሎ ይወጣል፣ መገጣጠሚያው ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። ጃፓኖቹ ጫፉን የሚዘጉት በግፊትና በኤሌክትሪክ፣ ሳያቀልጡ ነው። የሰበቃ ብየዳም ይሠራል።

ሌላው፣ ዱቄቱ በደንብ መዋሃዱን አረጋግጪ። የጃፓን ቱቦዎች በሩሲያው ቦር-60 ሪአክተር ሲፈተኑ የተበላሹ ነበሩ። እንደ ምክንያት ከተነሱት አንዱ ሳይዋሃድ የቀረ የክሮሚየም ቁራጭ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቀድሞ የተቀላቀለ ዱቄት ወደ መጠቀም ያዘነበሉት።

ሳባ_14፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን ገባኝ። የእኛ ዱቄት ክሮሚየሙ ለብቻው የገባ ነው፣ ያንን መጀመሪያ አየዋለሁ። ናይትሮጅኑን ሰኞ አስለካለሁ። በየዙሩ መሃል ያሞቅነው 900 ላይ ለግማሽ ሰዓት ነበር፣ ለ14 ክሮም ምን ያህል ከፍ ላድርገው?

ዘጠኝ_ክሮም፦
ኦስቴናይት ስለሌለሽ 900 የቀዝቃዛውን ሥራ ውጥረት ትንሽ ያረግበዋል እንጂ ግሬይኑን አይቀይረውም። ከናሙናው ትንሽ ቆርጠሽ 1050፣ 1100 እና 1150 ላይ ሞክሪ፣ ጥንካሬውን በቪከርስ (በአልማዝ ጫፍ ተጭኖ በሚለካው) ለኪና ቁጥሮቹን እዚህ ለጥፊያቸው።