የዕቅድ ውይይት፦ የሬምስ-ጉ መንገድ የፎቶ ዐውደ ርዕያችን

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ። እሑድ ፒያሳ ቡና ላይ እንደተባባልነው ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጨርሰው። ሁለት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ አዳራሽ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መግቢያው ይሄ ነው፣ ቆራርጡት፦

«ሬምስ-ጉ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሬምስ ከተማ በስተምዕራብ ያለ የመኪና ውድድር መንገድ ነው። በ1926 ተጀመረ። የመጨረሻው የመኪና ውድድር በ1969፣ የሞተር ሳይክሉ ደግሞ በ1972 ተካሄደ። ከዚያ በገንዘብ እጦት ተዘጋ።»

አባል፣ ከካዛንቺስ፦
ጸሐፊያችን፣ ልክ ነው ግን ደረቅ ነው። ዋናው ነገር ቀርቷል። ይሄ እኮ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሜዳ አይደለም። ገበሬው እህሉን የሚጭንበት፣ መንደር ከመንደር የሚያገናኝ የሕዝብ መንገድ ነው። እኛ አገር ሰው ቶሎ እንዲገባው በታላቁ ሩጫ እንጀምር። ጠዋት መስቀል አደባባይ ተዘግቶ ሰው ይሮጥበታል፣ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይመላለስበታል። ሬምስም እንደዚያው ነበር። ውድድሩ ሲያልቅ መንገዱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቀጥ ያሉ ረጃጅም መስመሮች አሉት። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስታዩ ዓይናችሁ የሚሄድበትን ርቀት አስቡት። እንደዚያ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ሳይነካ የሚመጣ መኪና ማለት ነው።

አባል፣ ጋራዥ ያለው፦
ቀጥታ መስመሩ ላይ ካተኮርን ምክንያቱንም እንንገራቸው። ፊት ያለው መኪና ነፋሱን ይሰነጥቃል። ከኋላው የተጠጋው ተከልሎ ስለሚሄድ ሳይደክም ይከተላል፣ ከዚያ በመጨረሻዋ ሰዓት ወጣ ብሎ ያልፋል። ብስክሌት የጋለበ ሁሉ ያውቀዋል። ሬምስ ላይ ማንም ከማንም መነጠል ያቃተው ለዚህ ነው።

የ1953ቱን ውድድር እንደ ታሪክ እንተርከው። አንዱ ዙር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ 60 ዙር ነዱት፣ ድምሩ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ ተነድቶ እንግሊዛዊው ማይክ ሃውቶርን በፌራሪ አርጀንቲናዊውን ፋንጂዮን የቀደመው በ1 ሰከንድ ነው። በ1961 ደግሞ ጂያንካርሎ ባጌቲ የሚባል ጣሊያናዊ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ውድድሩን እዚሁ አሸነፈ፣ አሜሪካዊውን ዳን ገርኒን የቀደመው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛ! የፌራሪ ጓደኞቹ በሙሉ ከመሪነቱ ወጥተው ከፊት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ይሄን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ብቻ አይበቃም፣ አንድ ሰው ቆሞ ይተርከው። እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

አባል፣ ከአራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ይተርኩልን፣ ማንም አይሻልም። እኔ ግን 1958ን አደራ እላለሁ። በዚያ ዓመት ውድድር ላይ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሙሶ ፈጣን መታጠፊያ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሞተ። መንገዱ የገጠር መንገድ ነበር ስንል ዳር ላይ ቦይና እርሻ ነበር ማለታችን ነው። የድሉን ፎቶ ሰቅለን የእሱን ብንተው ነውር ይሆናል።

ውድድሩ የፋንጂዮም የመጨረሻው ነበር። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው አራተኛ ወጣ። እየመራ የነበረው ሃውቶርን መጨረሻ ላይ ደርሶበት ነበር፣ አንድ ዙር ሊደርብበት ይችል ነበር፣ ግን አላለፈውም። ከኋላው ቀስ ብሎ ገባ። እናቴ ይሄን ስነግራት «ታላቁን አከበረ» አለችኝ። ሙሶና ይሄ ጎን ለጎን ይሁኑ።

ገንዘብ ያዥ፦
አራት ኪሎ ያለችውን እደግፋለሁ። በጀት ላይ አጭር ነገር፦ ትልልቅ ባነር እንተው። የአዳራሽ ኪራይ፣ የፎቶ ህትመት፣ ሻይ ቡና። ፎቶዎቹን ለመጠቀም ፈቃድ መጠየቅ አለብን፣ ሳንጠይቅ አንድም እንዳናትም።

አባል፣ ዶሮ ማነቂያ ያደገ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት እያሰብኩ ነው። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ብዙ ተባለ፣ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ዐውደ ርዕዩ የሚጀምረው ውድድሩ ከቆመ በኋላ ነው። ትሪቡኖቹ፣ ማለትም የተመልካቹ መቀመጫዎች፣ ከመንገዱ ዳር ባዷቸውን ቀሩ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ሣር በቀለበት፣ የማስታወቂያው ቀለም ረገፈ። በ2002 የመንገዱ አንድ ክፍል ፈረሰ። በ2004 የሠፈሩ ሰዎችና የመኪና ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፣ እንደኛው ዓይነት። ሣሩን አጨዱ፣ ትሪቡኑንና መኪኖች ጎማ የሚቀይሩበትን ረጅም ቤት ጠገኑ፣ የድሮውን ማስታወቂያ እንደነበረው መልሰው ቀቡ። በ2009 ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው መኪናውን አቁሞ በነፃ ያያል።

እኔ ያደግኩበት ሰፈር ዛሬ የለም። ስንት ዓመት ስመላለስበት የበራችንን ፎቶ እንኳ አላነሳሁም፤ አሁን ልጄ «የት ነበር?» ስትለኝ በእጄ አየሩ ላይ ነው የማሳያት። ስለዚህ አንድ ግድግዳ ሙሉ ለነዚያ ሣር ላጨዱት ሰዎች ይሰጥልኝ። ሌላ አንድ ግድግዳ ደግሞ ባዶ ይሁን። የሚመጣው ሰው የድሮ ፒያሳን፣ የአባቱን ሴይቼንቶ፣ የጋራዡን በር፣ ቤቱ ያለውን ፎቶ ይዞ መጥቶ ራሱ ይለጥፍበት።

አባል፣ ከካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ እኔም ሰፈሬ እንዳንተው ነው። ባዶው ግድግዳ ይግባ። የኔን የታላቁ ሩጫ መግቢያ ብታሳጥሩትም ቅር አይለኝም።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ተግባብተናል። መግቢያው ከታላቁ ሩጫ ይጀምር፣ ትረካው የጋሼ ነው፣ 1958 እንደተባለው። የማኅበሩ ሥራና ባዶው ግድግዳ የፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይሁኑ፣ አዳራሹን የሚፈቅዱልን ሰዎች ቀድመው እሱን ያንብቡ። ኦሪጅናል ፎቶ በሙጫ እንዳይለጠፍ በሩ ላይ ኮፒ ማድረጊያ ማሽን እናስቀምጥ፣ ሰው ኮፒውን ለጥፎ ዋናውን ይዞ ይመለስ። ማሽን ማዋስ የሚችል እስከ ሐሙስ ይንገረኝ። ጸሐፊያችን ዓርብ ንጹሑን ያምጣልን፣ ቅዳሜ ጠዋት እንፈርማለን።