ለዲኤክስ ኮሮላ 4ኬ ሞተር የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ መግጠም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኬ፤ የምትሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ትራፊክ ላይ ስትቆም ሙቀቷ ይጨምራል፤ መንገድ ሲከፈት ይወርዳል። ራዲያተሩ ተጠርጓል። የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ ስለጀመረ በደቂቃ 80 ሊትር የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከነመቆጣጠሪያው ልገጥም አስቤያለሁ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ (ቀበቶ) ዲናሞውንም ስለሚያዞር አሮጌውን ፓምፕ ምን ላድርገው? ቴርሞስታቱስ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደው ቫልቭ)?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ቆማ የምትሞቅ፣ ስትሄድ የምትበርድ መኪና መጀመሪያ የምትጠረጠረው በንፋስ እጥረት ነው። በ4ኬ ፋኑ የታሰረው ፓምፑ ፑሊ ላይ ስለሆነ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ሁለቱም ይደክማሉ። ፓምፑን ከመቀየርህ በፊት የኤሌክትሪክ ፋን አስገባ። ደግሞም ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አስነሳና ውሃውን ተመልከት። አረፋ ካላቋረጠ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያንን የትኛውም ፓምፕ አያድነውም።

መልስ 2
የፋኑ ነገር እውነት ነው፤ ፓምፑም ከተገጠመ ግን በአግባቡ ይገጠም። የታችኛው ቱቦ ውሃ ወደ ሞተሩ የሚገባው በአሮጌው ፓምፕ አካል በኩል ስለሆነ እሱን ማንሳት አትችልም። የኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ክንፎች ብቻ ቁረጥ፣ ዘንጉና ፑሊው ይቅሩ፤ ቺንጊያው እንደነበረ ዲናሞውን ያዞራል። ያንተ ግን ያፈሳል። የሚያፈሰው የዘንጉ ሲል (ውሃ እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት) ስለሆነ ክንፎቹ ቢቆረጡም ማፍሰሱ አይቆምም፤ ሲሉና ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ደህና የሆነ ፓምፕ ያስፈልግሃል።

አዲሱን ፓምፕ በታችኛው ቱቦ መሀል ግጠመው፤ ቀስቱ ከራዲያተር ወደ ሞተር ያመልክት። ከራዲያተሩ የውሃ ከፍታ በታች ይሁን፣ ምክንያቱም አየር ከያዘ ውሃ ስቦ አያመጣም። ቴርሞስታቱን አውጣ፤ ፍሰቱን የሚቆጣጠረው መቆጣጠሪያው ነው፣ ሁለቱ አብረው ከሆኑ ይጣላሉ። ቴርሞስታቱ ሲወጣ እሱ ከነበረበት ቤት ወደ አሮጌው ፓምፕ የምትመለሰውን ቀጭን የባይፓስ (የማለፊያ) ቱቦ ድፈናት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው፤ ክፍት ከቀረች ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል። የመቆጣጠሪያው የሙቀት ሴንሰር ከቴስታታው በሚወጣው ውሃ ላይ፣ ከራዲያተሩ በፊት ይሁን።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። መቆጣጠሪያውን ስንት ዲግሪ ላይ ላድርገው? ዲናሞውስ ይችላል?

መልስ 3
80 ወይም 85 ላይ አድርገው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ግን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ግፊት የማይይዝ ክዳን ካለ ፓምፑ መግቢያ ላይ እንፋሎት ይፈጠርና የፓምፑ ክንፍ ውሃ መግፋት ያቆማል።

ኤሌክትሪኩን አትናቀው። ፓምፑ እስከ 10 አምፔር፣ ፋኑ ሌላ ከ10 እስከ 15፣ መብራት ሲጨመር የድሮ ዲናሞ ሚኒሞ ላይ አይበቃውም። ማታ ትራፊክ ውስጥ፣ ሁሉም በርቶ፣ የባትሪውን ቮልት ለካ፤ ከ13 ከወረደ ትልቅ ዲናሞ ያስፈልጋል። የፓምፑ ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከባትሪ በ15 አምፔር ፊዩዝ፤ ከቁልፉ የሚመጣው ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ጥሩ መቆጣጠሪያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ፓምፑን ትንሽ ያስሮጠዋል፤ ስለዚህ ዋናውን መስመር ከቁልፉ አትውሰድ።

መልስ 2
አንድ ልጨምር። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲሞት ድምፅ የለውም፤ ውሃው ስለቆመም የሙቀት ጌጁ ዘግይቶ ነው የሚነግርህ። ቴስታታው ብረት ላይ በቀጥታ የሚታሰር የሙቀት ሱዊች ከቀይ መብራት ጋር ግጠም። ውሃ ስትሞላ ደግሞ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርገህ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑን ብቻ አስዙር። አረፋ እስኪያቆም እየሞላህ ጠብቅ።