አውሮፓ ያሉት ብራናዎቻችን ኢንተርኔት ላይ ቢወጡም ዓይነ ስውር ተማሪዬ እንዴት ታንብባቸው?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ
እንደምን ሰነበታችሁ። በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን ከገቡት ብራናዎች በርካቶቹ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት እንዲታዩ መደረጋቸውን ለክፍሌ ሳስረዳ፣ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪዬ «እኔስ?» አለችኝ። መቅደላ የራሳችን የደቡብ ወሎ አምባ በመሆኑ ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ የአንድ ሌላ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትን ገጽ በስልኬ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነበው ፕሮግራም) ብሞክረው፣ ቅጠሉ በተገለጠ ቁጥር «ምስል» ከማለት በቀር ምንም አላነበበልኝም። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ
መምህር፣ እኔም ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ነገሩን በሚገባ አውቀዋለሁ። ስክሪን ሪደር የሚያነበው የተተየበ ጽሑፍን ነው፤ የብራና ፎቶ ግን ዳር እስከ ዳር ፊደል ቢሞላውም ለማሽኑ ሥዕል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የመንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያስገድዳል፤ ሆኖም የእጅ ጽሑፍን በቀላሉ አንብቦ የሚለውጥ፣ ወጪው የማይከብድ አውቶማቲክ ዘዴ በሌለበት የቅርስ ቅጂዎች ከግዴታው ውጭ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ይህ ለተቋማቱ እፎይታ ሲሆን እኛን ደጅ ያስቀረናል። በእኔ እምነት ሙሉ ቃሉ ባይገለበጥ እንኳ፣ ሥዕሉ ማንን እንደሚያሳይ፣ ሐረጉ (የገጹ ጌጥ) በምን ቀለም እንደተሣለ፣ ኅዳጉ ላይ ምን እንደሰፈረ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም።

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ደሴ
የሚያይ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ ብራናውን ማግኘት አለበት። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዩሮፒያና የተባለው የአውሮፓ የቅርስ ድረ ገጽ የብዙ አገሮችን ስብስብ በአንድ ደጃፍ ያገናኘ ትልቅ ሥራ ነው፤ ገጹ ግን የተዘጋጀው በኅብረቱ 24 ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ የአውሮፓ ካታሎጎች የግእዝ አርእስትን በላቲን ፊደል፣ ያውም ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ስለሚጽፉ፣ «ተአምረ ማርያም» ብሎ በፊደላችን የሚፈልግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለመቅደላዎቹ፣ ምሁሩ ዊልያም ራይት ለንደን ስላሉት የግእዝ ብራናዎች በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ውስጥ የብራናውን መለያ ቁጥር አይተው በቁጥሩ ይፈልጉ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቁጥሩ አንድ ብራና እመርጣለሁ፤ ግእዝ የተማሩ ዲያቆናት ክፍሌ ውስጥ ስላሉ አንዱ ገጹን ያነባል፣ ሌላው ሥዕሉንና ሐረጉን በአማርኛ ይተርካል፣ እኔም በድምፅ እቀዳዋለሁ። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ለተማሪዬ ከመስጠቴ በፊት አድምጠው የጎደለውን ቢነግሩኝ ውለታዎ ይሆንብኛል።